አማቱ ዘብ የቆሙለት ሰው

የሐዲድ ጋሪዋ ቁልቁለቱን ስትይዝ እማማ ሻለቃ ጃንጥላቸውን ዘጉ። ነፋሱ ቢነጥቃቸው አልለቅም ብለው አብረውት እንደሚበሩ ራሳቸውን ያውቁታል። በአንድ እጃቸው ጃንጥላውን፣ በሌላው በጋዜጣ የተጠቀለለ ጥቅል ይዘው፣ እግራቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ አራት የብረት ጎማ በተገጠመላት ሳንቃ መካከል ተቀምጠዋል። ከፊትና ከኋላቸው ሁለት ጢማም ወንድማማቾች ቆመው የጋሪዋን ረጅም ክንድ ተራ በተራ ወደ ታች ይጫናሉ፤ አንዱ ሲያጎነብስ ሌላው ቀና ይላል። በዚህ የተነሣ ታላቁን «ላይ»፣ ታናሹን «ታች» ይሏቸዋል። እናታቸው ያወጣችላቸውን ስም ከደመወዝ ከፋዩ በቀር የሚያስታውስ የለም።

ላይ ባንዲራ ለማድረስ ይህን ያህል ጥድፊያ ለምን እንዳስፈለገ ጠየቀ። ድልድዩ እንደሆነ አይሸሽ።

«ድልድዩማ አይሸሽም» አሉ እማማ ሻለቃ። «ሰዓቱ ነው የሚሸሸው። ይልቅ ወሬህን ለክንድህ ስጠው።»

ሻለቃ መባላቸው እንዲሁ አልመጣም። ባላቸውም መኮንን አልነበሩም። እሳቸው በጣቢያው የስፌት ክፍል የባቡር ባንዲራ መስፋት ከጀመሩ አሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ጦርነቱ በጀመረበት ዓመት ክፍሉ ለሠራዊቱ ድንኳንና ኮሮጆ እንዲሰፋ ታዘዘና አርባ ሴቶች በእሳቸው ሥር ገቡ። አንድ ቀን አንድ እውነተኛ ሻለቃ ጭቃ በጠገበ ቦት ጫማው በተዘረጋው ሸራ ላይ ሲረማመድ ቢያዩት፣ ወጥቶ እግሩን ጠርጎ እንዲመለስ ነገሩት። ሰውየው ወጣ፤ ጠረገ፤ ተመልሶም ሰላምታ ሰጣቸው። ከዚያ ወዲያ ማዕረጉ የእሳቸው ሆኖ ቀረ።

እውነቱን ለመናገር ጥቅሉ ሰበብ ነበር። ጋዜጣው ውስጥ ጠርዛቸው ዛሬ ጠዋት የተሰፋ አንድ ቀይና አንድ አረንጓዴ ባንዲራ አለ፤ የጣቢያው ሹም ጋሪዋን የፈቀደላቸውም ለዚሁ ነው። ሃያ ሁለት ኪሎ ሜትር በሳንቃ ላይ የሚያስኬዳቸው ግን አማቻቸው ነው። አማቻቸው ወደ ትልቁ ወንዝ ድልድይ ለፈተና ከተላከ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ዛሬ በአሥራ አንድ ሰዓት የባቡር መሥሪያ ቤቱ ተቆጣጣሪ መጥቶ ያየዋል። ንቁ ሆኖ ካገኘው ሥራው ይጸናለታል። ሲያንቀላፋ ካገኘው ግን ሥራውም፣ ከሥራው ጋር የተሰጠችው ባለ ሁለት ክፍል ቤትም ይቀራሉ፤ ሚስቱና የሰባት ወር ልጁም ከነዕቃቸው ደጅ ናቸው። የእማማ ሻለቃ አልጋና የስፌት መኪናም እዚያችው ቤት ጥግ ላይ ነው ያሉት።

ነገሩ የመጣው በጎመን ነው። አማቻቸው ሃምሳ አለቃው (ጦሩ ሲበተን መሣሪያውን መልሶ ማዕረጉን ግን የሚረከበው አጥቶ ሰው ሁሉ እስከ ዛሬ እንዲሁ ይለዋል) በጣቢያው አጠገብ ባቡርና መንገድ የሚተላለፉበትን መዝጊያ ይጠብቅ ነበር። ባለፈው ወር ከቀትር በኋላ አረንጓዴ ባንዲራውን ቀጥ አድርጎ እንደያዘ፣ ከሩቅ ላየው ሐውልት መስሎ፣ ቆሞ አንቀላፋ። መዝጊያው አልወረደም። የሰው ደም አልፈሰሰም፤ ነገር ግን አንድ ጋሪ ሙሉ ጎመን ባቡሩ ግንባር ላይ ተሰክቶ እስከሚቀጥለው ጣቢያ ሄደ። መንገደኛው ሁሉ ሳቀ። ያልሳቁት የጎመኑ ባለቤትና የጣቢያው ሹም ብቻ ናቸው።

ሰውየው በቀን ለምን እንደሚያንቀላፋ የጠየቀ አልነበረም። ቢጠይቁ ኖሮ መልሱ አጭር ነበር፦ ሌሊት ስለማይተኛ።

ከጦር ሜዳ ከተመለሰ ጀምሮ ሌሊት ለእሱ ሥራ ነበር። መቀርቀሪያውን ሦስት ጊዜ ይፈትሻል። ወንበሩን ወደ በሩ ያዞርና የወታደር ካፖርቱን ደርቦ ይቀመጣል። ድካሙ አሸንፎ ዐይኑን ከከደነው ደግሞ እየጮኸ ይነሣል፤ ከዚያ ሚስቱ፣ ከዚያ የጎረቤት ውሻ፣ በመጨረሻ መንደሩ በሙሉ። ጠዋት ያፍርና ለሁሉም ይቅርታ ይላል፤ ለውሻው ሳይቀር።

መንደሩ ክፉ አልነበረም፤ ምክር አልነፈገውም። አንዱ እግርህን በሙቅ ውሃ ንከር አለው፤ ነከረ፤ ንጹሕ እግር ይዞ አደረ። አንዷ ትራስህን አዙር አለችው። ቀጥሎ ደግሞ ሁሉም ተስማምተው ዝምታ ነው የሚያሻው አሉና የግድግዳውን ሰዓት በብርድ ልብስ ጠቀለሉት፣ ጎረቤት አውራ ዶሮውን ለሌላ ሰፈር ሸጠ፣ እማማ ሻለቃም የስፌት መኪናቸውን ከመሸ ላይነኩ ማሉ። ያን ሌሊት መንደሩ እንደ መቃብር ጸጥ አለ፤ ሃምሳ አለቃው ደግሞ በጣም ባሰበት። ለካ በጦር ሜዳው ኮረብታ ላይ ዝም ሲል ነበር የሚያስፈራው። አውራ ዶሮው ብቻ በከንቱ ተሸጠ።

አንድ ቀን፣ ሕፃኗ በተወለደች በሳምንቷ፣ እማማ ሻለቃ ምሽት ላይ ወደ ግቢው ሲወጡ አማቻቸው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ በሩ ፊት ቆሟል። ዝናብ እያካፋ ነው። ጃንጥላቸውን ዘርግተው አጠገቡ ቆሙና ገብቶ እንዲተኛ፣ በሩን እሳቸው እንደሚያዩለት ነገሩት።

«ዘብ ተተኪ ካልመጣለት ቦታውን አይለቅም፣ እማማ» አለ፤ ለራሱ የሚናገር ይመስል ነበር።

«ተተኪ ሲመጣ ምን ይላል?»

«ምን ትጠብቃለህ ይላል። የሚጠብቀውን አንድ በአንድ ይነገረዋል። ምን አየህ ይላል። ይነገረዋል። ከዚያ የተነገረውን ሁሉ ይደግምና፣ ተረክቤያለሁ፣ ቦታህን ልቀቅ ይላል።»

እማማ ሻለቃ ለቀልድ ነበር የጠየቁት። ለቀልድ እንደጀመሩትም ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ጃንጥላውን እንደ ጠመንጃ ትከሻቸው ላይ አደረጉና ምን ትጠብቃለህ አሉት። እሱ ግን አልቀለደም። አንድ የግቢ በር መቀርቀሪያው የላላ፣ አንድ የውሃ ጉድጓድ፣ አንድ ጣሪያ፣ ሁለት የተኙ ነፍሶች፣ አንዲት ድመት የማን እንደሆነች ያልታወቀች፣ በመጨረሻም መንገዱ ሲል ዘረዘረላቸው። እሳቸውም ድመቷን ሳይቀር ደግመው ተረከቡት። ሃምሳ አለቃው ሰላምታ ሰጠ፤ ዞረ፤ ገባ። አራት ሰዓት ሙሉ ተኛ።

ከዚያ ወዲህ በየምሽቱ እንዲሁ ሆነ። ሁልጊዜ አይሰምርም ነበር፤ አንዳንዴ እኩለ ሌሊት ላይ በላብ ተነክሮ ይወጣል። እማማ ሻለቃ በሩ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ሆነው ባንዲራ ሲዘመዝሙ ያገኛቸዋል። ምን አለ ይላል። ድመቷ አለፈች፣ ሌላ የለም ይሉታል። ተመልሶ ይተኛል። እሳቸውስ መቼ ይተኛሉ ብሎ የጠየቀ ካለ፣ አሮጊት እንቅልፍ አያሻትም፣ ሁሉንም በልጅነቷ ጨርሳዋለች የሚል መልስ ነበራቸው። ሰውም ይስቅና ያልፋል።

ይህን ሁሉ እንደ ጨዋታ ነበር የሚያዩት። ሰውየው ያገኘው እንቅልፍ የሕፃኗ እግር ያመጣው በረከት ነው ብለው ለጎረቤት ያወሩ ነበር። ዛሬ ጠዋት ግን የቀዩን ባንዲራ ጠርዝ ሲሰፉ እግራቸው መርገጫው ላይ ቆመ። ባለፈው ወር እኅታቸው ዘንድ ሄደው ነበር፤ አሥር ቀን ቆዩ። ጎመኑ በስንተኛው ቀን ሄደ? በጣታቸው ቆጠሩ። በዘጠነኛው። አሁን ደግሞ ለድልድዩ ካልሲ ጠቅልለንለታል፣ ሳሙና ሰጥተነዋል፣ ካፖርቱን አራግፈንለታል፤ ተረካቢ ግን አልላክንለትም። ሁለት ሌሊት አልፎታል።

ቴሌግራፍ እንዳይልኩ፣ የቴሌግራፉ ሰው ከሽቦው ይልቅ በአፉ ነው የሚፈጥነው። ስለዚህ ጋሪ።

*

ድልድዩ ዘንድ ሲደርሱ አምስት ሰዓት ሆኖ ነበር። ከብረቱ ድልድይ አፍ ላይ አንዲት የሳንቃ ጎጆ፣ አንድ የውሃ በርሜል፣ በእንጨት ላይ የተሰቀሉ ሁለት ፋኖሶች፣ አንዱ ቀይ መስታወት አንዱ አረንጓዴ። ሃምሳ አለቃው ተራው ስለነበር ባንዲራውን ይዞ ቆሟል። ዐይኑ ደም መስሏል፤ ጉንጩ ገብቷል። አማቱን ሲያይ ቤት የተቃጠለ መስሎት መልኩ ጠፋ።

«ሁሉም ደህና ናቸው» አሉ ቶሎ ብለው። «ድመቷም ደህና ናት። አንተ ተኝተሃል?»

የመለሰላቸው ጓደኛው ነው። ይህ ጓደኛው ድልድዩን ሃያ ሰባት ዓመት የጠበቀ፣ ግንባሩ የተኮሳተረ ሽማግሌ ሲሆን፣ ለማንኛውም ጥያቄ አይመለከተኝም ስለሚል ስሙም ያው ሆኗል። አማቻቸው ተራው ባልሆነበት ጊዜ እንኳ ጎጆ ገብቶ እንደማይጋደም፣ ሁለት ቀን ሙሉ ከጎኑ ቆሞ እንዳደረና እንደዋለ፣ አምልጦኝ ወንዝ ይገባል ብሎ የፈራ ይመስል ድልድዩን ለአፍታ እንኳ እንደማይለቅ ነገራቸው። በየአራት ሰዓቱ ነው የምንቀያየረው፤ እሱ ግን አይቀየርም አለ።

«ለመሆኑ ስትቀይረው ምን ትለዋለህ?»

«ምን እለዋለሁ፤ ዞር በል እለዋለሁ።»

እማማ ሻለቃ ጎጆው ጥላ ውስጥ አስገብተው የነገሩን ሥር አስረዱት። አይመለከተኝም በትዕግሥት ሰማ። ከሰማ በኋላ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ከድልድይ ጋር አውርቶ እንደማያውቅ፣ አሁንም በእርጅናው እንደማይጀምር፣ የሰውየው እንቅልፍም እንደማይመለከተው ተናገረ።

እማማ ሻለቃ አልተቆጡም። ጎጆው በር ላይ የተሰካውን የሽማግሌውን ቀይ ባንዲራ አነሡና ወደ ብርሃኑ ገለጥ አደረጉት። ቀይነቱ ከሄደ ቆይቷል፤ መካከሉ ላይ ያለው ቀዳዳ ወንዙን ከነማዶው ያሳያል።

«ተቆጣጣሪው ይህን ሲያይ ምን ይል ይሆን» አሉ። «ለነገሩ እኔን አይመለከተኝም።» ጋዜጣውንም ፈታ አድርገው የአዲሱን ባንዲራ ጫፍ ብቻ አሳዩት።

አይመለከተኝም ጫፉን አየ። የራሱን ባንዲራ አየ። ጢሙን አሻሸ። «ቃሉ ረጅም ነው?» አለ።

ላይና ታች ሐዲዱ ዳር ተቀምጠው ሳቃቸውን በዳቦ ደፈኑት።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ርክክቡ ተጀመረ። አይመለከተኝም አዲሱን ባንዲራ በብብቱ አድርጎ፣ በማያውቀው ድግስ ላይ ንግግር አድርግ እንደተባለ ሰው እየተናነቀው፣ ምን ትጠብቃለህ አለ። ሃምሳ አለቃው በመጀመሪያ ወደ አማቱ፣ ቀጥሎ ወደ ሽማግሌው አየ። ከዚያ ተረከዙን ገጠመ። አንድ ድልድይ፣ ሁለት ፋኖስ፣ አንድ በርሜል ግማሹ ውሃ፣ ከግራ ሦስተኛው ሳንቃ የላላ፣ አንድ ጎጆ ሲል ዘረዘረ። ድምፁ ከሁለት ቀን ወዲህ የወጣ አይመስልም።

«ምን አየህ?»

«የጠዋቱን የዕቃ ባቡር። ሌላ የለም።»

ሽማግሌው አንድም ሳያጎድል ደገመው፤ የላላውን ሳንቃ እንዲያውም ጫን አድርጎ ጠራው፤ ለሦስት ዓመት ይሠራልኝ ብሎ የጮኸበት ሳንቃ ነውና። ከዚያም ተረክቤያለሁ፣ ቦታህን ልቀቅ አለ።

ሃምሳ አለቃው አልተነቃነቀም።

«አንድ ይቀራል» አለ።

«ምን ይቀራል?»

«መንገዱ።»

አይመለከተኝም ዙሪያውን ቃኘ። ወንዝ አለ፤ ሐዲድ አለ፤ ቁጥቋጦ አለ። «እዚህ መንገድ የለም» አለ። «የምን መንገድ ነው?»

«ተተኪው የሚመጣበት» አለ ሃምሳ አለቃው።

እማማ ሻለቃ ይህን ቃል በቤታቸው በር ላይ ሁለት መቶ ምሽት ተረክበውታል። በር፣ ጉድጓድ፣ ጣሪያ፣ ነፍሶች፣ ድመት፣ መንገዱ። ከድመቷ ቀጥሎ ስለሚመጣ ከግቢያቸው ፊት ያለችውን ጠባብ መንገድ ነበር የሚመስላቸው፤ ጎመን ሻጭ የሚያልፍባትን። አሁን ከሌላ ሰው ፊት ሲነገር ሲሰሙት ነው የየትኛው ኮረብታ መንገድ እንደሆነ የገባቸው።

ወንድ ልጃቸው የአማቻቸው ሚዜ ነበር። አብረው ዘመቱ፤ በአንድ ሻምበል ሥር ሆኑ፤ አንዱ ሃምሳ አለቃ ሌላው አሥር አለቃ። በዚያ ኮረብታ ላይ የሃምሳ አለቃው ተተኪ እሱ ነበር። ሊተካው ሲወጣ መንገዱ ላይ ቀረ። ሃምሳ አለቃው ይህን የነገራቸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የመጣ ዕለት፣ ካፖርቱን ሳያወልቅ። ሁለት ቀን ከሁለት ሌሊት ቦታውን ሳይለቅ እንደጠበቀው፣ ሌሎች መጥተው በግድ እንዳወረዱት ነገራቸው። እሳቸው ሰሙ፤ ሾርባ አቀረቡለት፤ ነገሩ ሁለተኛ አልተነሣም።

አይመለከተኝም የሆነ ነገር ሊል አፉን ከፈተ። እማማ ሻለቃ በጃንጥላቸው ጫፍ ክንዱን ነካ አደረጉትና ወደ ፊት ወጡ።

«ድልድዩን እሱ ተረክቦሃል» አሉ። «መንገዱን እኔ ነኝ የምረከብህ። ምን ትጠብቃለህ?»

«መንገዱን።»

«ምን አየህ?»

«ምንም» አለ። «ምንም አላየሁም፣ እማማ።»

«መንገዱን፤ ምንም አልታየም። ተረክቤያለሁ። ቦታህን ልቀቅ።»

ሰላምታ ሰጠ። ዞረ። ጎጆዋ ሦስት እርምጃ ናት፤ ሦስተኛውን እንዴት እንደተራመደው እሱም አያውቅ። ካፖርቱን እንደለበሰ ወደቀ፤ ብዙም ሳይቆይ የጎጆዋ መስታወት በማንኮራፋቱ መንዘር ጀመረ። ታች ባቡር የመጣ መስሎት ከሐዲዱ ላይ ተነሣ።

*

ተቆጣጣሪው በአሥራ አንድ እመጣለሁ ብሎ በዘጠኝ መጣ። የተቆጣጣሪ ወጉ ነው። ባለ አንድ ፉርጎ ባቡሩ ከድልድዩ ወዲህ ቆመ፤ ባለ ሰንሰለት ሰዓቱን እያየ፣ በግራ እግሩ ትንሽ እያነከሰ ወረደ። ያየውም ይህን ነው፦ አንድ ሽማግሌ ዘብ አዲስ ባንዲራ ይዞ እንደ ምሰሶ ቆሟል፤ ከእሱ ትንሽ ራቅ ብሎ አንዲት አሮጊት በውሃ ባልዲ ላይ ተቀምጠው፣ ጃንጥላ ዘርግተው፣ ምንም ወደሌለበት ቁጥቋጦ ይመለከታሉ።

ሁለተኛው ዘብ የት እንዳለ ጠየቀ። አይመለከተኝም ተራው ስላልሆነ በደንቡ መሠረት እንደተኛ ነገረው። ተቆጣጣሪው ወደ ጎጆዋ ጆሮውን ጣል አደረገ፤ ማስረጃ አላስፈለገውም።

«እኒህ ሴትዮስ ማን ናቸው?»

«ዘብ ናቸው፣ ጌታዬ።»

«ምን ይጠብቃሉ?»

«መንገዱን።»

«የምን መንገድ?»

አይመለከተኝም በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ልማዱን ተወ። ነገሩን በራሱ አፍ፣ እየተደናቀፈ፣ ከላላው ሳንቃ ጀምሮ እስከ ኮረብታው ድረስ ነገረው። ተቆጣጣሪው መዝገቡን በብብቱ እንዳደረገ ሰማ። ሲጨርስ፣ ይህ የቃል ርክክብ የመሥሪያ ቤቱ ደንብ ላይ ይገኝ እንደሆነ ጠየቀ።

«ከዛሬ ስድስት ሰዓት ወዲህ ይገኛል» አለ አይመለከተኝም።

እኔ የመጣሁት ሰውየውን በሥራ ላይ ለማየት ነው፣ ተራው እስኪደርስ እጠብቃለሁ አለ ተቆጣጣሪው፤ የሚቀመጥበት አጥቶም በርሜሉን ተደገፈ። እማማ ሻለቃ ዐይናቸውን ከቁጥቋጦው አላነሡም፤ ሥራ ላይ ናቸው። ሰውየው ሰዓቱን አወጣ፤ መልሶ ከተተ። ጥቂት ቆይቶ ጠጋ አላቸውና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሚስትም ልትረከብ ትችል እንደሆነ ጠየቃቸው። ለአንድ ለሚያውቀው ሰው ነው።

«ትችላለች» አሉት። «ብቻ ያ የሚያውቁት ሰው ዝርዝሩን እንዳያሳጥርባት።»

በአሥር ሰዓት ሃምሳ አለቃው ማንም ሳይቀሰቅሰው ወጣ። ጉንጩ ላይ የካፖርቱ ቁልፍ ታትሟል። ተቆጣጣሪውን ሲያይ ደነገጠ፤ ግን ዐይኑ ዐይን ሆኖ ነበር። ድልድዩን ከአይመለከተኝም ተረከበ። ፋኖሶቹን፣ በርሜሉን፣ ሳንቃውን አንድ በአንድ ደገመ፤ ለማስታወሻ ብሎ በርሜሉን የተደገፈ አንድ ተቆጣጣሪ ሲል ጨመረ። ላይና ታች ሳቁ። ተቆጣጣሪው አልሳቀም፤ ነገር ግን መዝገቡን ከፍቶ አንድ ቃል ጻፈ፤ ላይ በትከሻው አሾልቆ እንዳነበበው «ንቁ» ይላል። ከዚህም በኋላ በየወሩ ሳልነግርህ እመጣለሁ አለው። ይምጡ አለ ሃምሳ አለቃው።

ከዚያ ወደ ባልዲዋ ሄደ። እማማ ሻለቃ ሁሉም ስላለቀ ለመነሣት ጃንጥላቸውን እየዘጉ ነበር። ሃምሳ አለቃው ከፊታቸው ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ምን ይጠብቃሉ?» አላቸው።

«ተው እንግዲህ» አሉ። «ጋሪዋ እየጠበቀችኝ ነው።»

«ዘብ ቦታውን ዝም ብሎ አይለቅም። ምን ይጠብቃሉ?»

እማማ ሻለቃ ለሁሉም ነገር መልስ አያጡም። አሁን የሚሉትን ቀልድ ፈለጉ፤ አልመጣላቸውም። ለሰባት ወር በዚያች ወንበር ላይ ሆነው የዘመዘሙት ባንዲራ ሁሉ፣ በልጅነቴ ጨረስኩት ያሉት እንቅልፍ ሁሉ ተሰብስቦ መጣባቸው።

«መንገዱን» አሉ።

«ምን አዩ?»

«አልመጣም» አሉ። «ብዙ ጠበቅሁት። አልመጣም፣ ልጄ።»

«መንገዱን፤ አልመጣም» ሲል ደገመ ሃምሳ አለቃው፤ ድምፁ አልተሰበረም። «ተረክቤያለሁ። ቦታዎን ይልቀቁ፣ እማዬ።»

እማዬ ብሏቸው አያውቅም፤ እማማ ነበር የሚላቸው። ባልዲዋን ለአይመለከተኝም መለሱ፤ ሃያ ሰባት ዓመት ያላወራ ሰው ክንዳቸውን ይዞ ጋሪዋ ላይ አወጣቸው።

ተቆጣጣሪው ባቡሩን ወደ ጎን ሐዲድ አስወጥቶ አሳለፋቸው። ሁለተኛውን ኪሎ ሜትር ሳያልፉ ታች ዞር ብሎ የሆነ ነገር ሊጠይቃቸው ሲል ዝም አለ። እማማ ሻለቃ ጃንጥላቸውን ታቅፈው፣ ጭንቅላታቸውን በታላቁ ወንድም ጉልበት ላይ ጥለው፣ አፋቸውን ከፍተው ተኝተዋል። ወንድማማቾቹ በጥቅሻ ተነጋገሩ። በዕድሜያቸው ዝግ ብለው ነድተው የማያውቁት ሰዎች ክንዱን እንደ አልጋ ጨርቅ በስሱ ይጫኑት ጀመር። ላይ እግሩ ደነዘዘ፤ አላንቀሳቀሰውም።

ችግሩ ጣቢያቸው ሲቃረብ መጣ። ከቆሙ ይነቃሉ። ታች የባቡሩን ሰዓት አሰላ፤ እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል የሚመጣ የለም። ወደሚቀጥለው ጣቢያ ሄዶ መመለሻ ይበቃል። ስለዚህ አልቆሙም።

የጣቢያው ሹም ጋሪዋ ሳትቆም ልታልፈው ስትል ቀይ ባንዲራውን ይዞ ሮጦ ወጣ። ከኋላው የእማማ ሻለቃ ልጅ ሕፃኗን ታቅፋ ቆማለች፤ ከሰዓት በኋላ በሙሉ እዚያው ነበረች። ታች ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ፤ በአገጩም ወደ አሮጊቷ፣ ከዚያም ወደ ድልድዩ አመለከተና ራሱን በአዎንታ ነቀነቀላት። ልጅቷ ገባት። እናቷ ሲያንኮራፉ ሰምታ አታውቅም ነበርና ሕፃኗን ጠበቅ አድርጋ በእጇ አፏን ያዘች፤ መሳቋ ይሁን ማልቀሷ አይለይም።

ሹሙ ጋሪዋን አየ፤ አሮጊቷን አየ። ቀዩን ባንዲራ ዝቅ አደረገው። ከብብቱ አረንጓዴውን፣ እሳቸው የሰፉትን፣ አወጣና ድምፅ እንዳያሰማ በቀስታ ዘረጋላቸው።